እርሳሱ በማን እጅ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ቤት ገብቶ ደብተሩን ሲዘረጋ ስለሚነሳው ጣጣ። አምስቱን መርጫለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ ልጆቹን የሚያሳውቀውን ነገር አውጥቼ ነው ያቀረብኳቸው። ለአዲስ አንባቢዎች፦ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የታችኛው ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። አሁን የማስተምረው ወላጆችን ነው። ከልጆቹ ይልቅ የሚረብሹት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እጮኻለሁ። በመጨረሻ ሲሰለቸኝ መልሱን እነግረውና ይጽፋል፤ አንዳንዴ እኔው እጽፍለታለሁ። ተኮራርፈን ነው የምንተኛው። ምን ይመክሩኛል?
የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ምስጢር ላውጣ። እኛ አስተማሪዎች የእናትን እጅ ጽሑፍ እናውቃለን። የሰባት ዓመት ልጅ የሚጽፈው 5 ሆዱ ይነፋል፤ ከላይ ያለችው ሰረዝ ተነጥላ ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ ድንገት ከገጹ መሃል ጀምሮ ቀጥ ያሉ፣ መስመር የጠበቁ አምስቶች ይሰለፋሉ። ማን እንደጻፋቸው ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

ችግሩ መታወቁ አይደለም። ደብተሩ ሁሉም ትክክል ሆኖ ሲመጣ አስተማሪዋ «ገብቶታል» ብላ ወደሚቀጥለው ትምህርት ታልፋለች። ልጅሽ ያልገባው ነገር እዚያው ተሸፍኖ ይቀራል። የሚቀጥለው ትምህርት ደግሞ የሚሠራው በዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ ደብተሩ ላይ ይቆይ። ለአስተማሪ የተሳሳተ መልስ መረጃ ነው፤ ያንቺ ትክክለኛ መልስ ግን ምንም አይነግራትም።

ከዛሬ ጀምሮ እርሳሱ ከልጁ እጅ አይውጣ። ላሳየው ካልሽ የራስሽን ወረቀት አምጪ። እዚያ ላይ ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ ሥሪለት። የእሱን ጥያቄ አትንኪበት።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ሃሪስ ኩፐር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ስለ ቤት ሥራ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ግምገማ አውጥቷል። በታችኛው ክፍል በቤት ሥራና በውጤት መካከል ያለው ግንኙነት ደካማ ነው፤ ከፍ ባሉት ክፍሎች ነው የሚጠነክረው። ኩፐር የሚደግፈው ልክም ቀላል ነው፤ ለየክፍሉ 10 ደቂቃ። ለአንደኛ ክፍል 10፣ ለሁለተኛ 20፣ እያለ ይሄዳል። ያንቺ ልጅ ላይ ሁለት ሰዓት ማለት የስድስት ቀን የቤት ሥራ በአንድ ማታ ማለት ነው። ማንም ያለቅሳል።

ግማሽ ሰዓት ስጪው። ሲያልቅ ደብተሩ ይዘጋ። ያልተሠራው ባዶውን ይቅር። ከሥሩ «ግማሽ ሰዓት ሠርቷል። ከአስር ቤት መበደሩ አልገባውም» ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። አስተማሪዋ ትቆጣለች ብለሽ አትስጊ። እኔ እንዲህ ዓይነት ማስታወሻ ሲደርሰኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስንቱን ፈተና ከማረም ያድነኛል።

ዋናው ጉዳይ ግን ይሄ ነው። ልጁ 52 ሲቀነስ 27 ብሎ 35 ጻፈ እንበል። ወላጅ ወዲያው «ተሳስተሃል፣ 25 ነው» ይላል። ልጁ 35ን በላጲስ ያጠፋና 25 ይጽፋል። ምን ተማረ? እናቱ መልሱን እንደምታውቅ።

በዚህ ፈንታ «እስኪ እንዴት እንዳገኘኸው ንገረኝ» በይው። እንዲህ ይልሻል፦ «ከሰባት ላይ ሁለት ሲነሳ አምስት። ከአምስት ላይ ሁለት ሲነሳ ሦስት።» አየሽ? ግዴለሽ አይደለም፤ የራሱ ሕግ አለው። ትንሹን ከትልቁ ይቀንሳል፤ ትልቁ ላይ ይሁን ታች ደንታው አይደለም። ይህን ስሕተት የትም አገር ያለ የታችኛው ክፍል አስተማሪ ያውቀዋል። መልሱን ስትነግሪው ሕጉ አይነካም። ነገ 61 ሲቀነስ 38 ላይ ያው ሕግ ይመለሳል።

ስንጥር ሰብስቢ። አስር አስሩን በክር እሰሪ። አምስት እስርና ሁለት ነጠላ አስቀምጪለት፤ ይሄ 52 ነው። ከዚያ «27 ስጠኝ» በይው። ሁለት እስር ይሰጥሻል። ሰባት ነጠላ ለመስጠት ሲሞክር ያለው ሁለት ብቻ ነው። እዚህ ጋ ዝም በይ። እጁ ወደ አንዱ እስር ይሄድና «ልፍታው?» ብሎ ይጠይቅሻል። ከአስር ቤት መበደር የምንለው ይኸው ነው። እሱ ራሱ አገኘው።

ዝም በይ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክፍል ውስጥ የሚደረገውን ንግግር ቀድታ ስትሰማ አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አስተዋለች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ «አላውቅም» የሚለውም ቀነሰ። ሦስት ሰከንድ በአፍ ሲሉት ምንም አይደለም። ሲጠብቁት ግን ያልቅ አይመስልም። ምላስሽን ነክሰሽ ያዢው።

ጩኸቱን በተመለከተ አልቆጣሽም፤ ስለደከመሽ ነው። ግን ልጅ ሲጨነቅ ቁጥሮቹን በአእምሮው ይዞ የሚያሰላበት ቦታ በጭንቀቱ ይያዝበታል። የሚያውቀውን 7 ሲደመር 5 እንኳ ያጣዋል። ድምፅሽ ከፍ ማለት ሲጀምር ትምህርቱ ቆሟል፤ ደብተሩን ዝጊና ውጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሪ። ልጁ ሰሌዳውን በደንብ ያያል? ይሰማል? ጥያቄውን ከሰሌዳ ሲገለብጥ አሳስቶ የሚመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ሂሳብ የማይችል ይመስላል። የሚያስፈልገው ግን መነጽር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህርት። ልጄ አምስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ፊደሉን ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ትወርደዋለች፤ ዘመድ ሁሉ ያደንቃታል። ከመሃል «ሙ»ን ነጥዬ ሳሳያት ግን ከ«መ» ጀምራ እያዜመች ካልደረሰችበት አታውቀውም። ተሸወድን እንዴ?
ግራ የገባው አባት

መልስ፦ አልተሸወድክም፣ ወንድሜ። ልጅህ ዘፈኑን ታውቃለች። ፊደሉን ደግሞ ገና ልትማር ነው።

ነገሩን ከእሷ በኩል እየው። 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ነው፤ እነ ሏና ሟን ሳንቆጥር። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስትሰጣት የሚያድናት ዜማው ብቻ ነው። ዓይኗ ገበታው ላይ ቢሆንም የምትሠራው በጆሮዋ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ ገበታውን ገልብጠህ አስይዛት። ያለ ችግር ትወርደዋለች።

ገበታውን ለጊዜው ግድግዳው ላይ ተወው። ለ፣ መ፣ ሰ እና በን ብቻ ያዝ። ቅርጻቸው ደንበኛ ነው፣ ቃልም ይወጣቸዋል። በትንንሽ ካርቶን ላይ ለ፣ ላ፣ መ፣ ማ፣ ም፣ ሰ፣ ሳ፣ በ እያልክ ጻፍ። ከነዚህ ብቻ ላም፣ በላ፣ ሰማ፣ ሳመ፣ ሳለ ይወጣል። አንድ ልጅ ሁለት ካርቶን ገጥሞ «በ… ላ… በላ!» ሲል ፊቱን ማየት ነው። ዜማውን ስንት ጊዜ ቢደግመው ያ ፊት አይመጣም።

ከዚያ ቅጥያዎቹን አሳያት። ካዕብ ከጎን ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል፤ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ። ሣልስ ጭረቱ ወደ እግር ይወርዳል፤ ሊ፣ ሚ፣ ሲ፣ ቢ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ ቤ። ይህን ራሷ እንድታገኘው አድርግ። ሉ፣ ሙ፣ ቡን አስቀምጥና «ምናቸው ይመሳሰላል?» በል። ያፈነገጡም አሉ፤ ሩ እና ፉ ጭረታቸው ወገብ ላይ አይደለም። ልጆች እነዚህን «ረባሾቹ» ብለው ሲጠሯቸው ቶሎ ይይዟቸዋል። ሳድስ ግን ሕግ የለውም። ል፣ ም፣ ብ፣ ት፣ ን፣ ር እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚታጠፈው። ልጅህ ሳድስ ላይ ከተንቀራፈፈች ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ጊዜ ስጣት።

ሰ እና ሸን፣ ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን በአንድ ቀን አታስተምር። የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው። አንዱ እስኪረጋ ሌላውን አቆየው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ የቱ ከየቱ እንደሚገባም አሁን አታስጨንቃት። የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፤ ይደረስበታል።

እየነጠልክ ስትጠይቃትም እንደ ፈተና አታድርገው። መጽሐፍ ስታነብላት ጣትህን አንድ ቃል ላይ አቁምና «ይሄስ?» በል። ካላወቀችው አንተው አንብበውና ቀጥል። መጽሐፉን ስታነብም ብቻህን አትውረደው። «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስልሻል?» «ለምን ሸሸ?» በላት። ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ እየጠየቁ እንዲያነቡ የሠለጠኑ ወላጆች ልጆች እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው ልጆች ይልቅ በቋንቋ ችሎታ ቀድመዋል። ሙከራው የቆየው አንድ ወር ያህል ብቻ ነው።

ይህን የምልህ ማንበብ ሁለት እግር ስላለው ነው። ጎፍና ተንመር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን በማባዛት አስቀምጠውታል፤ ፊደሉን የማውጣት ችሎታ ሲባዛ ቋንቋውን የመረዳት ችሎታ። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። በእኛ ጽሑፍ ደግሞ መረዳቱ ይብሳል፤ የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ አይጻፍማ። «አለ» የሚለውን አጥብቃ ታንብበው ወይስ አላልታ የሚነግራት የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህርቷ። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። ደብተሯን ብገልጠው ምንም አይገባኝም። «አባዬ፣ አንተ አታውቀውም» ስትለኝ አንገቴን እደፋለሁ። አስጠኚ ለመቅጠር አቅም የለኝም። ልጄን እየጎዳኋት ነው?
አባት

መልስ፦ አባት፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አልጎዷትም። እንዲያውም ሰባተኛ ክፍል ላይ ከእርስዎ የሚፈለገው እርስዎ የጎደለኝ ያሉት ነገር አይደለም።

ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን እ.ኤ.አ. በ2009 በዚህ የዕድሜ ክልል ያሉ ልጆችን የሚመለከቱ ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረው ነበር። ከወላጅ ተሳትፎ ሁሉ ከጥሩ ውጤት ጋር አብሮ የተገኘው ስለ ትምህርት ጥቅም ማውራት፣ ከልጁ የሚጠበቀውን ግልጽ ማድረግና ስለ ወደፊቱ አብሮ ማሰብ ነው። የቤት ሥራ ማገዝ ግን ያን ያህል አልረዳም፤ በአማካይ እንዲያውም ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ነው የተገኘው። ምናልባት የሚታገዙት የከበዳቸው ልጆች ስለሆኑ፣ ምናልባትም እገዛው ጫና ስለሚሆን። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሂሳብ የሚያስፈራቸው ወላጆች የቤት ሥራ አዘውትረው ሲያግዙ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆቻቸው በዓመቱ የተማሩት ሂሳብ አነስተኛ እንደሆነ አሳይቷል። ፍርሃቱ ይጋባል። የተማረ ወላጅ ሁሉ ልጁን ይረዳል ማለት እንዳልሆነ ይዩልኝ።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ልጅዎ «አንተ አታውቀውም» ስትልዎት «ስለማላውቅ ነው፤ አስተምሪኝ» ይበሏት። አንገት አይድፉ። ወንበር ስበው ይቀመጡ።

ለምሳሌ ሳይንስ እያጠናች ነው። «ዕፅዋት በፎቶሲንተሲስ ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ» ትልዎታለች። ይህ ዓረፍተ ነገር ከደብተር የተሸመደደ ነው። እርስዎ ዝም ብለው የሚመጣልዎትን ይጠይቁ። «ከምን ያዘጋጁታል?» ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በፀሐይ ብርሃን ትላለች። «ውሃውስ በየት ይገባል?» በሥር። «ማታ ፀሐይ ከሌለ ታዲያ ምን ይሆናሉ?» እዚህ ጋ ትቆማለች። «ቆይ እስኪ» ብላ መጽሐፉን ትገልጣለች። እርስዎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምን እንደሆነ ማወቅ አላስፈለገዎትም። ያልገባትን ቦታ አገኙላት፤ እሷም በራሷ እጅ ፈለገችው። ክፍያ የሚጠይቀው አስጠኚ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ተማሪዋ ሳትጠይቅ ያብራራላታል።

ለሰው ለማስረዳት ብሎ የሚያጠና ሰው ለፈተና ብቻ ከሚያጠናው የተሻለ ይይዛል። እርስዎ ደግሞ እውነተኛ ተማሪ ነዎት። እያወቀ እንደማያውቅ የሚሆን ወላጅ በልጆች ዘንድ ወዲያው ይነቃበታል፤ በእርስዎ ግን የሚነቃ ነገር የለም።

ደብተሩን ማንበብ ባይችሉም ማየት ይችላሉ። የመጨረሻው ቀን መቼ ነው የተጻፈው? ገጽ ተዘሏል? ቀይ እስክሪብቶ የነካው ቦታ ተስተካክሏል? ወላጆች ሲጠሩም ይሂዱ። «ጎበዝ ናት ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ «ጎበዝ ናት» ተብለው ይመለሳሉ። «ምን ላይ ትቸገራለች? ቤት ምን ብታደርግ ይሻላል?» ይበሉ። ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው፤ አስተማሪው ያስታውስዎታል።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ልጄን «አንደኛ ከወጣህ ስልክ እገዛልሃለሁ» ብዬው ነበር። አራተኛ ወጣ። አሁን ኩርፊያ ላይ ነው፣ መጽሐፍ መንካት አቁሟል። ልግዛለት ወይስ ቃሌን ልያዝ?
የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አባት

መልስ፦ አትግዛለት። ግን ሁለተኛ እንዲህ ያለ ውል አትግባ። ደረጃ በእሱ እጅ ያለ ነገር አይደለም። እሱ ውጤቱን ከፍ አድርጎ ሌላ ሦስት ልጅ የበለጠ ከፍ ካደረገ ያው አራተኛ ነው። በእጁ ባለው ነገር ላይ ተስማሙ፤ ዛሬ ያልገባውን ዛሬ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ፈተና እንደገና መሥራት።

«ጎበዝ ነህ» የሚለውንም ቆጠብ አድርገው። ሙለርና ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆች፣ ልክ እንደ ልጅህ፣ እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። ከፊሎቹ «ብልህ ነህ» ተባሉ፤ ከፊሎቹ «ለፍተህ ሠርተሃል» ተባሉ። ከዚያ ከባድ ጥያቄ ተሰጥቷቸው ሁሉም ተቸገሩ። ወደ ቀላሉ ሲመለሱ «ብልህ» የተባሉት ከመጀመሪያው ባሰባቸው፤ «ለፍተሃል» የተባሉት ተሻሻሉ። ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ ሲጽፉም «ብልህ» ከተባሉት ከአስሩ አራት ያህሉ ዋሹ። ምስኪኖች፤ ስም ለማዳን።

የጎረቤት ልጅ ስንተኛ ወጣ ብለህ እንዳልጠየቅኸው ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሌሊቱን ሙሉ ታነባለች። ደብተሯ ሁሉ በቀለም ተሰምሮበታል። ፈተና ላይ ግን «ጥፍት አለብኝ እማዬ» ትለኛለች። ስጠይቃት ደግሞ ሁሉንም ታውቀዋለች። ምን ነክቷት ይሆን?
የተጨነቀች እናት

መልስ፦ «ስጠይቃት ታውቀዋለች» ብለሻል። ስትጠይቂያት ደብተሩ የት ነው? ፊቷ ተዘርግቶ ከሆነ አወቀችው አይባልም። አየችው እንጂ።

ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል። አራተኛ ጊዜ ስታነቢው ሁሉም ነገር የለመድሽው ሰፈር ይመስልሻል። ሰፈሩን መልመድ ግን መንገዱን ለሌላ ሰው በቃል ከመንገር ይለያል፤ ፈተና የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው።

ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን በተማሪዎች ላይ ሞክረውት ነበር። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ እየጻፉ ያስታወሱት 61 ከመቶ ሲይዙ ያነበቡት 40 ከመቶ ብቻ ቀራቸው። በራሳቸው የበለጠ ተማምነው የነበሩት ደግሞ እነዚያ የሚያነቡት ነበሩ። ልጅሽን አስታወሰሽ?

የማስመሪያ ቀለሞቹን ሰብስቢያቸው። ቀምተሽ ሳይሆን ተነጋግረሽ፤ በዚህ ዕድሜ በጉልበት የሚሆን ነገር የለም። አንድ ርዕስ አንብባ ደብተሩን ትዝጋ። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሰውን ሁሉ ትጻፍ። ከዚያ ትክፈተውና የጎደለውን በሌላ ቀለም ትሙላ። ያ የተሞላው ነው የነገ ጥናቷ። የቀረውን ታውቀዋለች።

መጀመሪያ ላይ ትጠላዋለች። ወረቀቱ ግማሽ ባዶ ሆኖ ስታየው «ምንም አላውቅም ማለት ነው» ትላለች። አብረሻት ሁኚ። ባዶው የመጣው ዛሬ ነው፤ ፈተናው ላይ ከሚመጣ ይሻላል። አንቺም ልታግዣት ትችያለሽ፤ ደብተሩን አንቺ ያዢ፣ ርዕሱን ጥሪና እሷ ትናገር። የዘለለችውን ብቻ በጣትሽ ያዢላት።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትከፋፍለው። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱን እየፈተነ ያሳተመው ሥራ የሚያሳየው፣ ብዙው መርሳት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሰኞ የተማረችውን ማክሰኞ ለአስር ደቂቃ፣ ከዚያ ዓርብ፣ ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ታስታውሰው። ጠቅላላው ሰዓት በአንድ ሌሊት ከምታፈሰው አይበልጥም።

ሌሊቱን ሙሉ የሚለው ደግሞ ዛሬውኑ ይቁም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉት ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ቀን የተማርነው የሚረጋው ስንተኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አጥንታ የምትገባ ልጅ ግማሹን ሳታስቀምጥ ነው የምትቀርበው። ለፈተና ሳምንት የጥናት ሰዓቷን ከማታ ወደ ከሰዓት በኋላ ለማምጣት ሞክሩ። መብራቱን የምታጠፊው አንቺ ሁኚ፤ መጀመሪያ ላይ ትቆጣሻለች።

ስልኳን ሌላ ክፍል ታስቀምጥ። ያንቺንም ጭምር፤ እሷ ስታስታውስ አንቺ ቪዲዮ እያየሽ ከሆነ ደብተሩን የያዝሽው በከንቱ ነው። ለሁለት ሳምንት ሞክሩትና የሆነውን ጻፊልኝ፤ ባይሠራም ጻፊልኝ፣ የቱ ጋ እንደተሰናከለ አብረን እናያለን።